ቁጥሩ ሦስት ሲሆን

የካናዳዋ ካልጋሪ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሚገባበት ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ሲደውል ስለ ጤናው አልጠይቀውም። የምጠይቀው ቅዳሜ የት እንደሚሄድ ነው። ልጁ ድሬዳዋ ተወልዶ ሳቢያን ያደገ ነው። ጃኬት የሚባል ነገር የሚያውቀው ሐረማያ ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ ብቻ ነበር። አሁን በእነሱ የብርድ ወራት፣ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር፣ ጫማው ሥር በረዶው ውስጥ እንዳይሰምጥ የሚያደርግ ሰፊ ነገር አስሮ የሮኪ ተራሮች ላይ ይወጣል። ዘንድሮ ጭራሽ ስኪ፣ ማለትም እግር ላይ ረጅም ጠፍጣፋ ነገር አስሮ በረዶ ላይ መንሸራተት ጀምሯል።

እማዬ «ሰው በገዛ ገንዘቡ ብርድ ይገዛል?» ትላለች። የሰፈር ሰው ደግሞ ይስቃል። እሱ መልስ አያጣም። ሮቤል ተክለማርያም ኢትዮጵያን ወክሎ ቶሪኖ ኦሎምፒክ ላይ በስኪ የተወዳደረው በ1998 የካቲት ነው፣ እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም ይላል።

1998ን እኛ ድሬዎች የምናስታውሰው በሌላ ነገር ነው። እሱንም እመጣበታለሁ።

ስለ በረዶ ናዳ ማንበብ የጀመርኩት ልጁን የምከለክልበት ማስረጃ ፍለጋ ነበር። ማስረጃ ሞልቷል። ግን እያነበብኩ ስሄድ ደቻቱ ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ቶሎ የሚገባው ነገር አገኘሁ። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ። ባለፈው ለጥምቀት መጥቶ እማዬ ቡና እያፈላች ሳለ «አቦ እዪ፣ ላሳይሽ» ብሎ ትሪ አነሳ። ስኳር በተነበት። ከላይ የእኔን አሮጌ ደብተር አስተኛበት። እማዬ «ስኳሩን!» ብላ ጮኸች። እሱ አልሰማትም። ትሪውን በአንድ በኩል ቀስ እያለ ከፍ አደረገው። ደብተሩ ምንም አላለም። ትንሽ ጨመረ። አሁንም ምንም። ከዚያ አንዲት ነገር ከፍ ሲያደርገው ደብተሩ እንዳለ፣ በአንድ ጊዜ፣ ሸርተት ብሎ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ትንሽ ትንሽ እያለ አልተንሸራተተም። ነበረ፣ ከዚያ የለም።

የበረዶ ክምር አንድ ወጥ ነገር አይደለም፣ ንብርብር ነው። መጀመሪያ የወረደው ከታች፣ ዘግይቶ የወረደው ከላይ፣ ንፋስ ከወዲያኛው ጎን ጠርጎ ያመጣው ደግሞ በዚያ ላይ። አደገኛ የሚሆነው ከታች ደካማ ንብርብር ኖሮ ከላይ እርስ በርሱ የተያያዘ ጠንካራ ንጣፍ ሲተኛበት ነው። ደካማው አንድ ቦታ ከተሰበረ ስብራቱ ዳገቱን በሙሉ ሊያዳርስ ይችላል። ንጣፉ ተቆርጦ ይለቃል። ደረቅ በረዶ ከሆነ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈጥን ይችላል። መኪና አስነስቶ የሚያመልጠው አይደለም፣ ሰው ይቅርና።

እኔ ያልጠበቅኩት የብርዱን ሚና ነው። በጣም ከበረደ በረዶው ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ስለዚህ ይታመናል ብዬ አስብ ነበር። ፍሪጅ ውስጥ ያለው እንደዚያ አይደል? ተራራው ላይ ግን ሌላ ታሪክ አለ። ከበረዶው ሥር ያለው መሬት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። ላዩ ላይ ያለው አየር ከዜሮ በታች 30 ነው። በረዶው ወፍራም ከሆነ ይህ ልዩነት ብዙ ቦታ ላይ ይከፋፈላል። ስስ ከሆነ ግን ሁሉም በትንሽ ውፍረት ውስጥ ይጨመቃል። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ያለው ልዩነት 1 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ከታች ሞቅ ያለው እንፋሎት ወደ ላይ እየተጓዘ ቅንጣቶቹን ይቀይራቸዋል። ክብ የነበሩት ማዕዘን ያወጣሉ። እርስ በርስ አይያያዙም። እጅህ ላይ ብትዘግነው በጣቶችህ መሀል ይፈሳል። እዚያ ያሉ ሰዎች ራሳቸው «ስኳር በረዶ» ነው የሚሉት። ወንድሜ ስኳር ያባከነው ለዚህ ነው።

ካናዳ በኩል ያሉት ሮኪዎች በዚህ ይታወቃሉ፤ ብርዱ ኃይለኛ፣ በረዶው ከባሕር ዳር ተራሮች ጋር ሲነጻጸር ስስ። ስኳሩ የብርዱ ወራት መጀመሪያ ላይ ይፈጠርና ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ከታች ተቀብሮ ይቆያል። ከላይ ሲታይ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ያምራል።

ዳገቱም ወሳኝ ነው። አብዛኛው እንዲህ ያለ ናዳ የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ቦታ ላይ ነው። ከዚያ በታች ለመንሸራተት አይበቃም። በጣም ቀጥ ያለው ደግሞ ብዙ በረዶ አይሸከምም፣ ቶሎ ቶሎ ይራገፋል። ታዲያ ለስኪ የሚያስጎመጀው ዳገት ስንት ዲግሪ ነው ብትሉ፣ ያው ነው። ይህ የአጋጣሚ ክፋት ሁሌ ያናድደኛል።

ከሁሉ በላይ ያቆመኝ ግን ይሄ ነው፦ ናዳ ከሚገድላቸው ሰዎች ከአስሩ ዘጠኙ ገደማ ናዳውን ያስነሱት ራሳቸው ወይም አብሯቸው የነበረ ሰው ነው። ከላይ በድንገት አልመጣባቸውም። ደካማውን ንብርብር የሰበረው የእነሱ ክብደት ነው።

እዚህ ላይ ከደቻቱ ይለያል። የእኛ ጎርፍ የሚነሳው ከላይ፣ ከሐረርጌ ደጋ፣ ከእኛ ዓይን ውጭ ነው። ድሬ ላይ ከዋክብት እየታዩ ደንገጎ ላይ ሰማይ ሊቀደድ ይችላል። ውሃውን ያስነሳነው እኛ አይደለንም። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ናቸው ማለት አልፈልግም፣ ማንም አይወድልኝም። አንድ የሚያደርጋቸው ሰውየው ነው፤ ከአደጋው በፊት ባለው ቀን እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ ምን እንደሚያስብ።

ደቻቱን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው፤ ወዲህ ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ። ወንዝ ስል ውሃ እንዳይመስላችሁ። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ያልፍበታል፣ ሰው አቋርጦት ገበያ ይሄዳል። እኛም እዚያው ነው ያደግነው። አሸዋው ላይ ቆሞ «ይሄ ወንዝ ነው» ብሎ ማሰብ ልፋት ይጠይቃል።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ሌሊት ላይ ወንዝ ሆነ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ዳር ዳሩን የነበሩ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ሄዱ። ብዙ ሺህ ሰው ቤት አልባ ሆኖ ድንኳን ገባ። በዚያ ሰሞን የሰማሁትና እስካሁን ጆሮዬ ላይ ያለ አንድ ንግግር አለ፦ «እዚህ ስንኖር ስንት ዓመታችን፣ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።» ይህን ያሉት ሰዎች ሞኝ አልነበሩም። ያዩትን ነው ያሉት። ጎርፍ ድሮም ነበር፣ ሽማግሌዎች ይናገሩ ነበር። ግን ሰው የሚያምነው በእግሩ የረገጠውን ነው።

ወደ በረዶው ልመለስ። ኢያን ማካመን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 2003 አሜሪካ ውስጥ የደረሱ 715 የናዳ አደጋዎችን አገላብጦ አይቷል። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ምልክቱ በግልጽ እየታየ፣ ሥልጠና የወሰዱ ሰዎችም ጭምር ለምን ይገባሉ? ካገኛቸው ምክንያቶች አንዱ መልመድ ነው። ሥልጠና ያላቸው ሰዎች የለመዱት ቦታ ሲሆን ጥንቃቄያቸው ይወርዳል። ሌላው የሌላ ሰው ዱካ ነው፤ ከፊቴ ሰው አልፏል፣ ስለዚህ ይታለፋል። ሌላው «ተነስተን መጥተናል፣ አሁን ማን ይመለሳል» የሚለው ነው። ሌላው ከመሀላችን አዋቂ የሚመስለውን ሰው ዝም ብሎ መከተል። ሌላው ደግሞ ትኩሱን በረዶ ሌላ ሰው ሳይደርስበት ለመቅደም መጣደፍ።

ወንድሜ ይህን ሲያነበንብልኝ «ይሄ እኮ የድሬ ሰው ነው!» አልኩት። «አቦ፣ የሁሉም ሰው ነው» አለኝ።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ተራራው ስትሳሳት አለመናገሩ ነው። ሹፌር ቢሳሳት መኪናው ይንገጫገጫል፣ ይማራል። ደካማ ንብርብር ያለበትን ዳገት አሥር ጊዜ አቋርጠህ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ክብደትህ ደካማዋን ነጥብ ስላላገኘ። አንተ ግን የምትማረው «እኔ አውቅበታለሁ» የሚለውን ነው። የሰላም መመለስ ሁሉ ለተሳሳተው ሐሳብ ምስክር ይሆናል። እኔ ይህን ከአሸዋው የተሻለ የሚያስተምረኝ ቦታ አላውቅም።

እነሱ ለዚህ ያበጁት መላ ያስቀናኛል። በብርዱ ወራት በየቀኑ የናዳ ትንበያ ይወጣል። አደጋው ከ1 እስከ 5 ቁጥር ይሰጠዋል፤ ለላይኛው ከፍታ፣ ዛፍ ለሚያልቅበት አካባቢ እና ለታችኛው ለየብቻ። 1 ዝቅተኛ ነው፣ 5 እጅግ ከፍተኛ። ማንም ሰው ስልኩ ላይ ያየዋል።

ሰው በብዛት የሚሞተው 5 ላይ ይመስላችኋል? እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። 5 ሲሆን ሰው ቤቱ ይቀራል። ጦሰኛው 3 ነው። መሀል ላይ ስለሆነች «መካከለኛ» ትመስላለች። ትርጉሟ ግን ናዳ በራሱ ሊነሳ ይችላል፣ ሰው የሚያስነሳበት ዕድል ደግሞ ሰፊ ነው የሚል ነው። 4 ላይ ምልክቱ ይጮኻል፤ አጠገብህ የወረዱ ናዳዎች ታያለህ። 3 ላይ ተራራው ጸጥ ብሎ ሊውል ይችላል። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ግሌሸር ብሔራዊ ፓርክ 17 ሰዎች ያሉበት የትምህርት ቤት ጉዞ በናዳ ተመቶ 7 ተማሪዎች ሞተዋል። የዚያን ቀን ደረጃው ይኸው 3 ነበር። በማግስቱ ዓመት አገሪቱ ብሔራዊ የናዳ ማዕከል ያቋቋመችው ከዚያ ሐዘን ወዲህ ነው። ትንበያው ዛሬ እንዲህ በሰው ቋንቋ የሚጻፈው በነጻ የመጣ አይደለም።

መሣሪያው ሦስት ነው። አንዱ ደረት ላይ ታስሮ ምልክት የሚልክ ትንሽ ሬዲዮ ነው። የማንም ፋብሪካ ይሁን ሁሉም በ457 ኪሎ ኸርዝ ይነጋገራሉ፤ የማንኛውም ሰው መሣሪያ የማንኛውንም ሰው ይሰማል። ሁለተኛው እንደ ድንኳን ምሰሶ የሚገጣጠም ረጅም ቀጭን ዘንግ ነው፣ በረዶው ውስጥ እየወጉ ሰውን ለማግኘት። ሦስተኛው አካፋ። እማዬን ያሳቃት አካፋው ነው። «ካናዳ ሄዶ አካፋ ገዛ!» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራች።

አካፋው ግን ቀልድ አይደለም። ናዳ ሲቆም በረዶው ይጠጥራል፣ በእጅ አይቆፈርም። የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ ከወጣ የመትረፍ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ከዚያ በኋላ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። ግማሽ ሰዓት ካለፈ አብዛኛው ሰው አይተርፍም፣ የሚገድለው አየር ማጣት ነውና። ሄሊኮፕተር በዚያ ጊዜ አይደርስም። ደርሶ የሚያወጣህ አጠገብህ ያለው ጓደኛህ ብቻ ነው። ስለዚህ አደገኛ ዳገት ላይ አብረው አይሄዱም፤ አንድ በአንድ ያልፋሉ፣ ሌሎቹ ከዳር ሆነው ዓይናቸውን አይነቅሉበትም። ሁሉም ከተቀበረ ማን ማንን ያወጣል?

ለመቆፈር ከመሮጣቸው በፊት ሌላ ናዳ ሊመጣ ይችል እንደሆነ ቀና ብለው ያያሉ። ይህን ሲነግረኝ ጎፋ ትዝ አለኝ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ገዜ ጎፋ ላይ መሬት ተንሸራቶ ሰው ሲቀበር፣ ጎረቤቱ ለማውጣት ነቅሎ ወጣ። ሲቆፍሩ ሁለተኛው መጣባቸው። ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ ለመርዳት የመጡት ናቸው። ወገን ተቀብሮ ዝም ብሎ የሚቆም እግር የለንም፣ ባይኖረንም አላፍርበትም። ግን አንድ ሰው ወደ ላይ እያየ እንዲጮህ መመደብ ይቻላል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለ ብርዱ ራሱ ብዙ አልልም፣ ለብቻው ጽሑፍ ይወጣዋል። ወንድሜ ከመኪና ሲወርድ እየበረደው መሄድ ይጀምራል። ትልቁን ጃኬት ቦርሳው ውስጥ ይከተዋል። ዳገት ሲወጣ ይሞቀዋልና። ካላበው፣ ሲቆም ላቡ ይቀዘቅዛል፣ ጠላት የሚሆነው ያ ነው። ጥጥ አይለብስም፣ እርጥብ ጥጥ ሙቀት ይሰርቃል። የውሃ ጠርሙሱን ገልብጦ ይይዛል፤ ውሃ ከላይ ስለሚጀምር ነው የሚረጋው፣ አፉ እንዳይዘጋ። ስልኩን ከውስጥ ኪሱ አያወጣም፣ ባትሪው በብርድ ይሞታል። ለደረቱ ሬዲዮ ደግሞ ቅርብ እንዳይሆን ይጠነቀቃል፣ ምልክቱን ይረብሻል።

ጣት ሲበርድ መጀመሪያ ያማል። ከዚያ ሕመሙ ይጠፋል። ሰው «ተሻለኝ» የሚለው እዚህ ላይ ነው፣ ጣቱ ግን መሞት ጀምሯል። መላው ሰውነትም ያው ነው። የሚንቀጠቀጥ ሰው ገና እየታገለ ነው። መንቀጥቀጡ ቆሞ ምላሱ ሲተሳሰር፣ ዕቃ ከእጁ ሲወድቅ፣ ያለ ምክንያት ሲነጫነጭ ያኔ ነው የሚያስፈራው። ራሱ አያውቀውም፣ ጓደኛው ነው ማየት ያለበት። በብርድ የደነዘዘ ጣት አይታሽም፣ መልሶ የሚበርደው ከሆነም እዚያው አይሞቅም። አረቄ ያሞቃል የሚለው ደግሞ ውሸት ነው። የቆዳን ደም ሥር ከፍቶ የውስጡን ሙቀት ያስወጣል። ይህን የምጽፈው የማውቃቸው አንድ ሁለት ጎረምሶች ስላሉ ነው።

ያለፈው ኅዳር መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ወንድሜ ቀደም ብሎ ደወለ። ምን ሆንክ ስለው ተመለስን አለኝ። አራት ሆነው ሄደው ግማሽ ላይ ሲደርሱ በረዶው ከእግራቸው ሥር «ውፍ» ብሎ ሰመጠ። ያ ድምፅ ደካማው ንብርብር ሲወድቅ የሚሰማ ነው። ከመሀላቸው አንዲት ልጅ «እኔ አልወደድኩትም» አለች። በቃ፣ ዞሩ። ሕጋቸው ነው፤ ከቡድኑ አንድ ሰው አልሄድም ካለ ምክንያት አይጠየቅም፣ ሁሉም ይመለሳል። ልምድ ያለው ሰው ቃል ከጀማሪው አይበልጥም።

«አላፈርክም?» አልኩት፣ ላበሽቀው። የድሬ ልጅ ነዋ፣ መመለስ ይከብደዋል። «መጀመሪያ አፍሬ ነበር። ከዚያ መኪና ውስጥ ሻይ ጠጣን፣ ረሳሁት» አለኝ።

እማዬ አሁን ቁጥሩን ለምዳዋለች። ሲደውል «ዛሬ ስንት ነው?» ትለዋለች፣ እንደ ዶላር ምንዛሪ። ባለፈው ሳምንት 3 ነው አላት።

«ታዲያ ቤትህ ተኛ!»

«እማ፣ የምሄደው ሜዳ ሜዳውን ነው። ከ30 ዲግሪ በታች ነው ዳገቱ። ከበላዩም ገደል የለም።»

«3 ነው አላልክም?»

«3 የሚሆነው ለገደላገደሉ ነው።»

እውነቱን ነው። 3 ሲሆን ማንም አይውጣ ማለት አይደለም። ቦታ መምረጥ ነው። ለስላሳ ዳገት ላይ መሄድ ይቻላል፣ ዋናው ከላይህ የተንጠለጠለ ነገር አለመኖሩ ነው። ሜዳ ላይ ቆመህ ከላይ ያለ ዳገት ሊመጣብህ ይችላልና፣ ካርታው ላይ ከእግርህ አልፈህ ወደ ላይ ማየት አለብህ። ይህን ለእማዬ ላስረዳ ሞከርኩ። ከላይ የሚመጣ ነገርስ ለእሷ አይነገራትም።

«ማን ነው 30 መሆኑን የለካው?» አለችኝ።

«ራሱ። በስልኩ።»

«ስልኩ በብርድ ይሞታል አላለም?»

ወንድሜ በዚያኛው ጫፍ ሆኖ ሳቀ። መለኪያ ደግሞ ለብቻው እንዳለው፣ ፕላስቲክ እንደሆነና ባትሪ እንደማይፈልግ ነገራት። እሷ አልሳቀችም። ማታ ሲመለስ እንዲደውል አስማለችው፣ በእኛ ሰዓት ሌሊት ቢሆንም።